የቤይሩቷ ሠዓሊ ሰልዋ ረውዳ ሹቀይር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ ሠዓሊ ነበረች። አገሯ ሊባኖስ፣ ከተማዋ ቤይሩት ነው። ሙሉ ስሟ ሰልዋ ረውዳ ሹቀይር ይባላል። ስሙ ረዘም ስለሚል እኛ «ሰልዋ» እያልን እንቀጥላለን።

ሊባኖስ የት ነው ትሉ ይሆናል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን፣ በባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ተራራማ አገር ነች። በመጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሊባኖስ ዝግባ ሲነበብ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ቤይሩትንም ቢሆን ብዙዎቻችን በስም እናውቃታለን። ብዙ የአገራችን ሴቶች ለሰው ቤት ሥራ የሄዱባት ከተማ ነች።

በዚህ ንግግር የምንጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ሰልዋ የምትታወቅበት ሥዕል የሰው ሥዕል አይደለም። የበሬም አይደለም። የዛፍም አይደለም። ታዲያ የምን ሥዕል ነው?

እኛ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ሳለን ሥዕል ማለት አንድን ነገር አስመስሎ መሣል ነው ብለን እናምን ነበር። የተሣለው ፈረስ ፈረስ ከመሰለ ሠዓሊው «ጎበዝ!» ይባላል። ካልመሰለ ይሣቅበታል። ስለዚህ የሰልዋን ሥራ መጀመሪያ ያየን ጊዜ እኛም «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አልን። ክብ አለ፤ ግማሽ ክብ አለ፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ የጎበጠም መስመር አለ። ቀለም አለ። ሌላ ምንም የለም። እንዲህ ያለው ሥዕል ረቂቅ ሥዕል ይባላል። የሚታይ ነገር አስመስሎ አይቀዳም። በቅርጽና በቀለም ብቻ ይናገራል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሆነብን እንጂ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። እስቲ በየቤታችሁ ያለውን መሶብ አስቡት። አንዲት እናት ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች በወስፌ ስትሰፋ ምን ታወጣለች? ቀዩን ከአረንጓዴው፣ ጥቁሩን ከነጩ እያማረጠች ማዕዘን ታወጣለች፤ መስመር ታዞራለች። መሶቡን ያየ ሰው «ይህ ምን ይመስላል?» ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት ያምራል!» ይላል እንጂ።

ደግሞም ያ ሥራ ያለ ሐሳብ አይወጣም። ሰፊዋ ዙሩን ከመጀመሯ በፊት ቀዩ የት እንደሚገባ፣ ነጩ የት እንደሚያልቅ በልቧ ትቆጥራለች። ቁጥሩ ከተሳሳተ ማዕዘኑ አይገጥምም። ጥለት የሚጥል ሸማኔም እንደዚሁ ነው። ድሩን ሳይቆጥር ጥለት አይወጣለትም። እንግዲህ ቅርጽና ቀለም ብቻቸውን ሊናገሩ እንደሚችሉ መሶብ የሰፋች እናት ከእኛ ቀድማ ታውቀዋለች። ይህን በልባችሁ ያዙልን። ኋላ እንመለስበታለን።

ሰልዋ በ1916 በቤይሩት ተወለደች። ዘመኑ ክፉ ዘመን ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ይካሄዳል። ሊባኖስን የሚገዛት የቱርኮች የኦቶማን መንግሥት ነበር። በ1915 የአንበጣ መንጋ መጥቶ አዝመራውን በላው። እህል በባሕር እንዳይገባ የጦር መርከቦች መንገዱን ዘግተዋል። በአገር ውስጥ ያለውንም እህል ጦሩ ይወስደዋል። ከዚህ የተነሣ በሊባኖስ ተራራ እጅግ ብዙ ሰው በረሃብ አለቀ። አንበጣና ረሃብ ምን እንደሆኑ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

የሰልዋ አባት ለኦቶማን ጦር በግዳጅ ተመልምሎ ሄደ። በ1917 በተስቦ በሽታ ሞተ። ሰልዋ ያን ጊዜ ገና ጡት ያልተወች ሕፃን ብትሆን ነው። እናቷ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ባል የሞተባት ሴት ሦስት ልጅ ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ። ያቺ እናት ግን ልጆቿን ከትምህርት አላስቀረችም። «ሴት ልጅ ተምራ ምን ታደርጋለች?» ሳትል ሁለቱንም ሴቶች አስተማረች። ታላቂቱ አኒሳ ኋላ ለሴቶች መብት የቆመች ሆነች። የሊባኖስን የገጠር ሴቶች ኑሮ ለማሻሻል የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ነች። ታናሺቱ ሰልዋ ደግሞ ሠዓሊ ሆነች።

ሰልዋ ሥዕልን ከሁለት የአገሯ ሠዓሊዎች ተማረች፤ ከሙስጠፋ ፋሩኽና ከዑመር ዑንሲ። እነዚህ መምህራን ተራራውን ተራራ፣ ሰውን ሰው አስመስለው የሚሥሉ ነበሩ። እሷም መጀመሪያ እንደነሱ ሣለች።

በ1943 ወደ ግብጽ ሄደች። የጥንቱን ሥራ በሙዚየም ለማየት ፈልጋ ነበር። ሙዚየም ማለት የጥንት ዕቃና ሥዕል ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ሙዚየሞቹ ተዘግተው ጠበቋት። ሌላ ሰው ቢሆን «መንገዴ ከንቱ ቀረ» ብሎ ይመለስ ነበር። እሷ ግን በካይሮ መንገዶች ትዞር ጀመር። ወደ መስጊዶቹ ሄደች። ግድግዳውን አየች፤ በሩን አየች፤ የእንጨቱን ሥራ አየች።

በመስጊድ የሰው ምስል አይሣልም። በምትኩ ኮከብ ከኮከብ ተያይዟል። መስመር ከመስመር ይጠላለፋል። አንዱ ቅርጽ ሲያልቅ ሌላው ከዚያው ይነሣል። እጅግ የተወሳሰበ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁሉም የተነሣው ከነጥብና ከመስመር ነው። ያን የሠሩት ድንጋይ ጠራቢዎችና እንጨት ፈልፋዮች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሠርተው ያለፉ ናቸው። የአብዛኛዎቹን ስም የጻፈ የለም። ሰልዋ ግን በሥራቸው ውስጥ ሐሳባቸውን አየች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነጥብና መስመር ከልቧ አልወጡም።

ከግብጽ ተመልሳ በ1945 በቤይሩት በሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ያዘች። እየሠራች ትምህርትም ትከታተል ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ የፍልስፍና መምህር ስለ ዐረቦች ጥበብ ሲናገር አሳነሰው። የዐረቦች ሥራ ማስጌጫ ነው እንጂ እውነተኛ ሥነ ጥበብ አይደለም፤ የንግግሩ መንፈስ ይህ ነበር።

ሰልዋ ይህን ስትሰማ ተናደደች። ብትናደድም እውነቷን ነው። እህል በቁና ይሰፈራል፤ ጨርቅ በክንድ ይለካል። ጨርቁን በቁና ሰፍሮ «ጎደለ» ማለት ፍርድ አይደለም። የአውሮፓ ሠዓሊ ለብዙ መቶ ዓመታት የሰውን ገላ አስመስሎ ሲሥል ኖረ። የዐረቡ ጥበበኛ ደግሞ ነጥብና መስመርን ሲያዛምድ ኖረ። መንገዳቸው ለየብቻ ነው። አንዱን በሌላው ሚዛን መዝኖ «አልደረሰም» ማለት ስሕተት ነው። ይህ ስሕተት ከባዕድ ሰው ብቻ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ከወገን አፍ ይወጣል። የተማረ ሰው የራሱን ሕዝብ ሥራ በተውሶ ሚዛን ሲመዝን ይታያል። እኛም ከዚህ ስሕተት የጸዳን አይደለንም።

የተናደደ ሰው ይሳደባል፤ ወይም ዝም ብሎ ይቀራል። ሰልዋ ግን መልሷን በሥራ ሰጠች። በ1947 በቤይሩት ሥዕሎቿን ለሕዝብ አሳየች። ሁሉም በቅርጽና በቀለም ብቻ የተሠሩ ነበሩ። በዐረቡ ዓለም የመጀመሪያው የረቂቅ ሥዕል ዐውደ ርእይ ይህ ነበር ብለው የሚጽፉ የሥዕል ታሪክ አዋቂዎች አሉ። ያን ጊዜ 31 ዓመቷ ነበር። ሊባኖስም ከፈረንሳይ አገዛዝ ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመቷ ነው።

በ1948 ሰልዋ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ፈረንሳይ ዋና ከተማ ሄደች። በታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። ፌርናን ሌዤ የሚባል ዝነኛ ሠዓሊም ነበረ፤ ወደሱ መሥሪያ ቤት ገብታ ጥቂት ወራት ተማረች። ሌዤ የሴቶችን ገላ እንደ ቧንቧና እንደ መኪና ዕቃ አድርጎ የሚሥል ሰው ነው። በሥዕሉ ሴቶቹ ተቀምጠው ይታያሉ። ሰልዋም በሱ አሣሣል ሴቶች ሣለች። ነገር ግን የሷ ሴቶች ከጠረጴዛቸው የሥዕል መጽሐፍ አለ። የሰልዋ ሴቶች የሚታዩ ብቻ አይደሉም፤ የሚያነቡም ናቸው። እዩት እንግዲህ! ከመምህሯ ጥበቡን ወሰደች፤ ሐሳቡን ግን የራሷ አደረገችው።

ብዙም ሳትቆይ ከሌዤ ወጣች። ረቂቅ ሥዕል ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ተቀላቀለች። በ1951 በፓሪስ ሥራዋን ለብቻዋ አሳየች። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ወደ ረቂቅ ሥዕል የደረሱት የቀድሞውን መንገዳቸውን ትተው ነው። ሰልዋ ግን የቀድሞውን የአባቶቿን ሥራ ይዛ ነው የደረሰችው። ከሌላ መማርና የራስን መጣል አንድ አይደለም። ፓሪስ ድረስ ሄዳ ተማረች፤ የካይሮን ድንጋይ ጠራቢዎች ግን አልረሳችም።

በ1951 ወደ ቤይሩት ተመለሰች። በ1953 ዩሱፍ ሹቀይር የሚባል ጋዜጠኛ አገባች። በ1957 ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟን ሃላ አሏት። ሃላም ስታድግ ሠዓሊ ሆነች። ሰልዋ ሚስትም እናትም ሆና ሥራዋን አላቆመችም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ወደ ቅርጻ ቅርጽ ይበልጥ አዘነበለች። በእንጨት፣ በድንጋይ፣ በሸክላ፣ በናስ፣ በአሉሚኒየም ሠራች። ምንጣፍና ጌጣ ጌጥም ነድፋለች።

ከቅርጾቿ መካከል «ግጥም» እያለች የጠራቻቸው አሉ። እንጨት ወይም ድንጋይ ግጥም ይሆናል ወይ? እስቲ እንየው። በጥንቱ የዐረብ ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ ራሱን የቻለ ነው። ለብቻው ቢነገር ትርጉም ይሰጣል። ከሌሎቹ ጋር ሲሰለፍ ደግሞ ግጥሙን ያቆማል። ዐረቦች አንዱን ስንኝ «በይት» ይሉታል። በይት ማለት በቋንቋቸው ቤት ማለት ነው። እኛም ግጥም ሲያምር «ቤት መታ» እንላለን። በዚህ ነገር ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው።

ሰልዋ ይህን የግጥም ሥርዓት በእንጨትና በድንጋይ ሠራችው። አምስት ወይም ስድስት ቅርጾች ለየብቻ ትጠርባለች። ከዚያ አንዱን ባንዱ ላይ ትደርባለች። የአንዱ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ይገባል። ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ አስቡ። ጥሩ ካቢ ድንጋዩን አገላብጦ ፊቱን ካየ በኋላ ቦታውን ይሰጠዋል። የሰልዋም ሥራ እንዲህ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ከሷ ካብ አንዱን አንሥታችሁ ለብቻው ብታስቀምጡት እሱም ሙሉ ሥራ ነው። ሲነጠል አያንስም፤ ሲገጠም አይጠፋም። ለሰው ማኅበርም ጥሩ ምሳሌ ይመስለናል።

ለቤይሩት መናፈሻም የድንጋይ መቀመጫ ሠርታለች። ተገጣጣሚ ድንጋዮች እንደ ቅስት ተደርድረዋል። የደከመው ሰው ይቀመጥበታል። እሷ ሥራዋ እንዲህ ሰው የሚነካው፣ የሚቀመጥበት፣ በአደባባይ የሚቆም እንዲሆን ትፈልግ ነበር። ስለዚህ የምንጭና የሐውልት ንድፍ በትንንሹ እየሠራች አዘጋጀች። በትልቁ የሚያሠራት ግን ብዙም አልተገኘም። ትንንሾቹ በቤቷ ተደረደሩ።

እዚህ ላይ አንድ እውነት እንንገራችሁ። ሰልዋ ለብዙ ዓመታት ገዢ አላገኘችም። ሰዎች የለመዱትን ተራራና የለመዱትን የሰው ፊት ይገዙ ነበር። የሷን ሥራ አይተው ያልፉታል። መኖሪያ ቤቷ በሥራዎቿ ተሞላ። እሷ ግን ገበያው የሚፈልገውን ልሥራ አላለችም። በ1974 በቤይሩት የብዙ ዓመት ሥራዋ ተሰብስቦ ለሕዝብ ታየ። 58 ዓመቷ ነበር። አሁንስ ቀን ወጣላት ሲባል፣ በዓመቱ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

ጦርነቱ ከ1975 እስከ 1990 ድረስ 15 ዓመት ፈጀ። ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ። ቤይሩት ለሁለት ተከፈለች። ከሰልዋ ሥዕሎች አንዱ «ሁለት = አንድ» ይባላል። ከ1947 እስከ 1951 ባለው ጊዜ የተሣለ ነው። በጦርነቱ ወቅት በቤቷ አካባቢ ቦምብ ፈነዳ። የተሰባበረው መስተዋት ሥዕሉን በሳው። ስሙን ልብ በሉ፤ «ሁለት = አንድ» የሚለው ሥዕል ነው አንዱ አገር ሁለት ሲሆን የተበሳው። ቀዳዳው አልተደፈነም። ኋላ ሥዕሉ ለሕዝብ ሲቀርብ ከነቀዳዳው ቀረበ። የሥዕሉ ጠባሳ የአገሩም ጠባሳ ነውና።

ጦርነቱ አለፈ። ሰልዋ አረጀች። በ2011 በቤይሩት ትልቅ ዐውደ ርእይ ተዘጋጀላት። በ2013 ደግሞ በለንደን ከተማ፣ ቴት ሞደርን በሚባለው ዝነኛ ሙዚየም ሥራዋ ለዓለም ሕዝብ ታየ። ከየአገሩ የመጣ ሰው ቅርጾቿን ከቦ ቆመ። ጋዜጦች ጻፉ። «ይህችን ሴት እስከዛሬ እንዴት ሳናውቃት ቀረን?» ተባለ። በዚያ ዓመት ሰልዋ 97 ዓመቷ ነበር። በዕድሜና በሕመም ደክማለች። በጥር ወር 2017፣ በ100 ዓመቷ በቤይሩት ዐረፈች።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ በ1947 ነው። የለንደኑ በ2013 ነው። ከ2013 ላይ 1947 ሲቀነስ 66 ይቀራል። 66 ዓመት! ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ በዚህ ጊዜ የልጅ ልጅ አይቷል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። እውነት ነው። እኛ ግን ይህን ታሪክ የነገርናችሁ «ታገሡ» ለማለት ብቻ አይደለም። መዘግየቱ ጉዳት ነበር። በትልቁ ያልተሠሩት ምንጮች ሳይሠሩ ቀሩ። ክብሩ ሲመጣ እሷ ደክማ ነበር። የዘገየችው እሷ አይደለችም። እጇ በ1947 ሠርቶ ጨርሷል። የዘገየው የተመልካቹ ዓይን ነው። ለምን ዘገየ ቢባል፣ ሴት ስለነበረች ነው፤ ከትንሽ አገር ስለመጣች ነው፤ የሕዝቧም ጥበብ «ጌጥ ብቻ ነው» ተብሎ ስለተናቀ ነው።

አሁን ወደ መሶቡ እንመለስ። «በልባችሁ ያዙልን» ብለናችሁ ነበር። የካይሮን መስጊድ ያስጌጡት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም። ሰልዋ ሥራቸውን አይታ ሐሳባቸውን ባታነሣው ኖሮ ብዙ ሰው እንደ ተራ ጌጥ እያየ ያልፋቸው ነበር። የሰልዋ ስም ግን ተጽፏል። በሥዕሎቿና በቅርጾቿ አማካይነት እነዚያ ስም የለሾችም አብረው ታዩ።

በእናንተ ቤት ያለውን መሶብ የሰፋችው ማን ነች? የጋቢያችሁን ጥለት የጣለው ማነው? ዛሬ ብትጠየቁ ትመልሳላችሁ። «እናቴ ነች» ትላላችሁ። «ያ ከወንዝ ማዶ ያለው ሸማኔ ነው» ትላላችሁ። ልጆቻችሁም ምናልባት ይመልሱ ይሆናል። የልጅ ልጆቻችሁ ግን አያውቁም። መሶቡ ቢቆይ እንኳ ስሙ ይጠፋል። እናቲቱ ቁጥሩን እንዴት እንደቆጠረችው፣ ቀለሙን ከምን እንዳወጣችው አብሮ ይጠፋል።

ይህ እንዳይሆን ማድረግ ትችላላችሁ። ማንበብና መጻፍ ተምራችኋልና። ደብተራችሁን አውጡ። መሶቡን የሰፋችውን እናት ስም ጻፉ። መስፋቱን ከማን እንደተማረችው ጠይቃችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ስም ካለው ስሙን ጻፉ። አክርማው በምን እንደሚቀለም ጻፉ። ፊደሉ ቢያምርም ባያምርም ግድ የለም። በሚቀጥለው ስንገናኝ የጻፋችሁትን ታነቡልናላችሁ። ያን ጊዜ እኛ እንቀመጣለን፤ እናንተ ታስተምሩናላችሁ።

የዛሬው ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል።